ቁጥር የሌለው ላንድሮቨር

መኪናው መሐል ሜዳ ከተማ የገባው በገበያ ቀን፣ በራሱ ጎማ ሳይሆን አይሱዙ ላይ ተጭኖ ነው። ገበያተኛው በጉንም ገብሱንም ትቶ ዞሮ አየው። ይዘንጋሽ ግን አላየችውም። ከአንድ የደብረ ብርሃን ነጋዴ ጋር በሱፍ ባና ዋጋ ትከራከር ነበር፤ እሷ ክርክር ከያዘች ደግሞ ሰማይ ተደፋ ቢሏት "ቆይ ልጨርስ" የምትል ሴት ናት። ወሬውን የሰማችው በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ ነው። የነገሯትም መካኒኩ ጋሽ ወዳጆ ናቸው።

ጋሽ ወዳጆ የሚከብድ ነገር ሲኖርባቸው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ዕለቱ እሑድ ስለሆነ እጃቸው ላይ ግራሶ አልነበረም፤ ቢሆንም በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

"አንድ ላንድሮቨር መጥቶልኛል" አሏት። "መሳፍንት የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው ያመጣው። አሮጌ መኪና እየገዛ፣ እያደሰ የሚያስቀምጥ ነው አሉ። ቁጥሩ የተጻፈባት ቆርቆሮ ተነቅላለች። ሞተሩም ተቀይሯል። ማንነቱ ካልታወቀ ሊብሬ አይሰጡትም። የሸጠለት ሰው መኪናው ድሮ የመንዝ ነበር ስላለው፣ የሚያውቀው ሰው ፍለጋ ይዞት መጣ።"

"ታዲያ ለኔ ምን ይነግሩኛል? እኔን ከመኪና ምን አገናኘኝ?"

"ከሥሩ ገብቼ አየሁት" አሉ ጋሽ ወዳጆ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የፊቱ ባሌስትራ የታሰረበት ብረት ማረሻ ነው።"

ይዘንጋሽ የያዘችው ጃንጥላ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ይህን ነገር ከሷና ከሽማግሌው በቀር የሚያስታውስ ሰው መኖሩን እንጃ። በ1966 ባሏ ማዕረግ ይነዳው የነበረው ላንድሮቨር ያ ብረት ተሰብሮበት፣ መለዋወጫ ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፍቶ፣ ጋሽ ወዳጆ ከራሳቸው ሞፈር ላይ ማረሻ አውልቀው በየዱለት። ያን ዓመት ማሳቸውን ያረሱት በተዋሱት ማረሻ ነው።

"ላንድሮቨር በማረሻ የጠገነ ቂል ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም" አሉ፤ አሁንም እጃቸውን እየጠረጉ።

ማዕረግ መኪና ከነበራቸው ጥቂት የመንዝ ሰዎች አንዱ ነበር። ሰውም፣ እህልም፣ ቅቤም እየጫነ ይነግድበት ነበር። በነሐሴ 1969 ወደ መርሐ ቤቴ እንደወረደ ሳይመለስ ቀረ። በሳምንቱ ታላቅ ወንድሙ አቶ በኃይሉ እያለቀሱ መጡ። መኪናው ጀማ ገደል ገብቶ ነደደ፣ ሬሳውን ወንዝ ወሰደው አሉ። የተረፈው ይሄው ነው ብለውም መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ ከኪሳቸው አወጡ። ቁጥሩ የተጻፈባት የመኪናው ቆርቆሮ ነበረች። ሄዶ ማየት አልተቻለም። ክረምቱ ከባድ ነው፤ ዘመኑም ያለ ይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ቀበሌ የማይኬድበት ነበር። ኋላ ከጥቢ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ገደሉ አፋፍ ድረስ ሄደው ጉም አይተው ተመለሱ።

አገሩ አለቀሰለት። ልጅ አልወለዱም፤ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበረውም። ይዘንጋሽ ሬሳ ባይኖር ስም ይኑር ብላ ቄስ ገብረየሱስን አስቸገረች። ፍትሐት ተደረገለት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግም ሐውልት ቆመለት። ፎቶግራፍ በሚለጠፍበት ቦታ ያቺን ቆርቆሮ በሲሚንቶ አስለጠፈችበት። የለጠፉት ጋሽ ወዳጆ ናቸው። አጥንቱን ሳላገኝ አላወልቅም ብላ የለበሰችው ጥቁርም፣ አንዱ ሲያልቅ በሌላ እየተተካ፣ እስከ ዛሬ ከላይዋ አልወረደም።

እንግዲህ ነደደ የተባለው መኪና ነው ትናንት በገበያ መሃል ያለፈው።

በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄዱ። መሳፍንት ከላንድሮቨሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ቡናማ ፎልደር በብብቱ ይዟል፤ ሻዩን ሲያነሳም፣ ለሰላምታ ሲነሳም አልለቀቀውም። ጥቁር የለበሰች ሴት ስትገባ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ርስቴ ነው ባይ መጣችብኝ ብሎ እንዳሰበ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ይዘንጋሽ ወደ መኪናው ቀረበች። ቀለሙ አረንጓዴ የነበረው ሰማያዊ ሆኗል። ወንበሩ ሌላ ነው፤ በሩም ሌላ ነው። መሪው ግን ያው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአፍታ፣ ማዕረግ በሕይወት ይኖር ይሆን የሚል ሐሳብ እንደ ብርሃን ብልጭ አለባትና ራሷ ፈርታ አጠፋችው። በምትኩ አንድ ስም መጣላት። በኃይሉ። ነደደ ያሉት እሳቸው ናቸው። ቆርቆሮዋን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ያልነደደን መኪና ነደደ የሚል ሰው ሸጦት ነው፤ ለመሸጥ ደግሞ መጀመሪያ ባለቤቱን ከመንገድ ማንሳት ያስፈልጋል።

"ከማን ነው የገዛኸው?" አለችው ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

"ይቅርታ እትዬ፣ እሱ የኔ የግል ጉዳይ ነው" አለ መሳፍንት። "የመኪናውን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው። እርስዎ ያውቃሉ?"

"ቁጥሩን ብታገኝ ትክክል መሆኑን በምን ታውቃለህ?"

ሰውየው ፈገግ አለ፤ ጥያቄው የጠበቀው ነበር። ከመኪናው ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ ሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ዝገት በልቶታል። በሽቦ ብሩሽና በናፍታ ሲፈትጉት ውለው የወጡት የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ብቻ ናቸው። እሱም ብልጥ ነውና ቦታውን በጨርቅ ሸፍኖ በሽቦ አስሮታል። ከጋሽ ወዳጆ በቀር ያየው የለም፤ ሽማግሌውም ለማንም እንዳይናገሩ አስምሏቸዋል። ቁጥሩን አውቃለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ አራቱን አሃዞች ይነግረዋል። ከተሳሳተ ቆርቆሮ አስቀርጾ ሊሸጥለት የመጣ አጭበርባሪ ነው።

"ሦስት፣ ዜሮ፣ ስምንት፣ ስድስት" አለች ይዘንጋሽ።

ሃያ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የተሳለመችውን ቁጥር እንዴት ትረሳለች? መሳፍንት ጋሽ ወዳጆን በቁጣ ዞሮ አያቸው። ሽማግሌው በሚካኤል ስም አልተነፈስኩም አሉ። ያን ጊዜ ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ቆርቆሮዋ የት ናት?"

"ከማን ነው የገዛኸው?"

እሱ ይቺ ሴት ቆርቆሮዋን ይዛ መኪናውን ልትነጥቀኝ ነው ይላል፤ እሷ ይሄ ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር ተሻርኳል ትላለች። በመጨረሻ ጋሽ ወዳጆ ገላገሏቸው። ነገ ጠዋት እሷ ቆርቆሮዋን ታሳያለች፤ እሱ ፎልደሩን ይከፍታል። ማንም ማንንም አይቀድምም።

ከሰዓት በኋላ አቶ በኃይሉ አህያ ላይ ገብስ ጭነው ቤቷ መጡ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ኅዳር ሲሆን ዋርሳዋ ከመጀመሪያው አውድማ ድርሻዋን ያመጡላታል። ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ የባል ወንድም ከየት ይገኛል ይላል፤ እሷም ትል ነበር። ዘንድሮ ግን አንድ ሳምንት ቀድመው መጡ።

ጠላ ቀዳችላቸው። ጽዋውን ተቀብለው ሳይቀምሱት መሬት አስቀመጡት።

"አንድ አሮጌ መኪና መጥቷል አሉ" አሉ ወደ ምድጃው እያዩ።

"ሰማሁ።"

"አየሽው?"

"ምን ሥራ አለኝ ብዬ" ብላ ዋሸች።

"ደግ አደረግሽ። ላንድሮቨር እንደሆነ ሁሉም አንድ ነው። ቁስልሽን ይቀሰቅስብሻል፤ ወደዚያ አትሂጂ።"

እየወጡ ሳለ አህያዋን ሁለት ጊዜ ፈተው ሁለት ጊዜ አሰሯት። ይዘንጋሽ ከበሩ መቃን ተደግፋ አየቻቸው፤ ያሳለፈችውም ዘመን ሁሉ ፊቱን እያዞረ ታያት። አጥንቱን ልፈልግ ጀማ ልውረድ ባለች ቁጥር "ይቅርብሽ" ያሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ዓመት ስንቋን ቋጥራ ስትነሳ ታምሜያለሁ ብለው አስቀሯት። በየሙት ዓመቱ ከሐውልቱ ፊት ቆመው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ፣ ከጥዱ ሥር ናቸው። እሷ ኀዘን ጠንቶባቸው ነው ትል ነበር። ደግነታቸው ሁሉ ካሣ መሆኑ አሁን ታያት። ገብሱን ወደ ጎተራ ሳታስገባ ደጅ አሳደረችው።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱም ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተገናኙ። መሳፍንት ሐውልቱን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ ቀኑን አነበበ፣ ከዚያ ቆርቆሮዋን አያት። ብዙ ቦታ የመኪና ቁጥር ፈልጎ ያውቃል፤ ከመቃብር ድንጋይ ላይ ግን አግኝቶ አያውቅም።

ጋሽ ወዳጆ ስስ ወረቀት ቆርቆሮዋ ላይ ዘርግተው በከሰል አሹት። ቁጥሩም፣ ቆርቆሮዋ ታስራባቸው የነበሩት የአራቱ ሪቬት ቀዳዳዎችም በወረቀቱ ላይ ወጡ። መሳፍንት ደግሞ ትናንት ከመኪናው ላሜራ ላይ፣ ቆርቆሮዋ ከነበረችበት ቦታ፣ የወሰደውን ወረቀት አወጣ። ሁለቱን ደራርቦ ወደ ፀሐይ አነሳቸው። ሦስቱ ቀዳዳዎች ገጠሙ። አራተኛዋ ከመስመሩ ወርዳ የተበሳች ናት፤ እሷም ገጠመች።

"ይቺን ያጣመምኳት እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ወዳጆ። "ላሜራውን ስቀይር ዲሪሉ ሸሸብኝ።"

"መኪናው ይሄ ነው" አለ መሳፍንት። ድምፁ የደስታ ነበር፤ የይዘንጋሽን ፊት ሲያይ ወረቀቶቹን ዝቅ አደረገ።

ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። ወረቀታቸውን ከእሱ ተቀብለው አጠፉት።

"ይዘንጋሽ፣ እኔም በደል አለብኝ። ይቺ አሉሚኒየም ናት። እሳት ቢነካት እንደ ሰም ትቀልጥ ነበር። ተገንጥላ ወድቃ ቢሆን ደግሞ ጥጓ ይቀደድ ነበር። ይቺ ሪቬቷ በሥርዓት ተቆርጦ የወጣች ናት። ሐውልቱ ላይ ስለጥፋት ያን ጊዜ አይቻለሁ።"

"አይተው ዝም አሉኝ?"

"ዘመኑን ታውቂዋለሽ። ስለጠፋ ሰው ማን ይጠይቅ ነበር? የጠየቀ ራሱ ይጠፋል። ኋላ ደግሞ ቆየ፤ ከቆየ በኋላ እንዴት ልበልሽ?"

ይዘንጋሽ ፊቷን ከሳቸው አዞረች። እጇን ወደ መሳፍንት ዘረጋች። እሱም ቃሉን ጠብቆ ፎልደሩን ከፈተ። ሁለት ውል አለው። አንደኛው እሱ ከአንድ የአሰላ ገበሬ ላይ መኪናውን የገዛበት ነው። ሁለተኛው ገበሬው ራሱ ከፊተኛው ባለቤት የገዛበት ነው፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። መኪናው የእርሻ ሥራ ላይ ስለዋለ ሊብሬም፣ ቁጥርም የጠየቀ አልነበረም።

ሻጩ በሚለው ቦታ የምታነበውን ስም አስቀድማ ታውቀዋለች። በኃይሉ ነው የሚለው። ጣቷን አስደግፋ አነበበች።

ማዕረግ ይላል። ቀኑ ጥር 1971 ነው። እሷ ተዝካሩን ካወጣች ዓመት አልፏል።

መጀመሪያ አስመስለው ፈርመውበታል አለች። ግን ፊደል ያስቆጠራት ማዕረግ ነው፤ እዚያው ላንድሮቨር ውስጥ ተቀምጠው፣ በጭነት ደረሰኝ ጀርባ። የእጁን ጽሑፍ ከራሷ እጅ አስበልጣ ታውቀዋለች። "ማ"ን ሲጽፍ እግሯን ከመስመር በታች ያወርዳል። እዚህም አውርዷታል። ጥርጣሬ ግን አንዴ ከገባ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። አስረው ወስደውት፣ አስፈርመውት፣ ከዚያ በኋላ ገድለውት ቢሆንስ? ወረቀቱን መልሳ ከግቢው ወጣች።

አቶ በኃይሉ አውድማ ላይ ብቻቸውን ገብስ ያዘራሉ። ነፋሱ ጥሩ ነበር። ስትመጣ አይተዋል፤ መንሹን ግን አላስቀመጡም።

"ጋሼ፣ ማዕረግን ማን ገደለው?"

"ጀማ ነዋ" አሉ ሳይዞሩ።

"መኪናው አልነደደም። ቆርቆሮዋም እሳት አላያትም። እርስዎ ነዎት የገደሉት?"

ይቆጣሉ፣ ይምላሉ፣ መስቀል ያነሳሉ ብላ ነበር። እሳቸው መንሹን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉበትና እንደ ደከመው ሰው ተነፈሱ።

"እንደሱ ካልሽ ይሁን" አሉ። "ሂጂና ክሰሺኝ። ሰባ ዓመቴ ነው፤ እስር ቤት ብሞትም አይቆጨኝም።"

ይዘንጋሽ ክዶ የሚከራከራትን ሰው ልታሸንፍ ነበር የመጣችው። ይሄ ሰው ግን ነፍሰ ገዳይነቱን በጸጋ ተቀበለ። በጸጋ መቀበሉ አንድ የከፋ ነገር ቢኖር ነው። ያን ጊዜ ጭዱ ላይ ተቀመጠች።

"ፊርማውን አየሁት" አለች። "አሰላ፣ ጥር ሰባ አንድ። አለ ወይ?"

አቶ በኃይሉ ከጎኗ ተቀመጡ። ነፋሱ ገለባውን እያነሳ ልብሷ ላይ ይበትነው ነበር።

"አለ" አሉ።

"እስከ ዛሬ?"

"እስከ ዛሬ። አሰላ ወፍጮ ቤት አለው። አራት ልጆች ወልዷል።" ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። "አሰላ የያዛት ሴት ያን ጊዜ አርግዛበት ነበር። አንቺን ፊት ለፊት ለማየት ድፍረቱን አጣ። ሞቷል በላት አለኝ። ተፈታች ከሚሏት ሞተባት ይበሏት፣ የሞተበት ሰው ይከበራል አለኝ። እንድታምኚ ብሎ ቆርቆሮዋን በገዛ እጁ ነቅሎ ሰጠኝ። እኔ ታላቅ ነኝ፤ እምቢ ማለት ነበረብኝ። በዓመት በሁለት ዓመት ሐዘኑ ይወጣላታል፣ ታገባለች ብዬ ነበር። አንቺ ጥቁርሽን አላወልቅም አልሽ።"

"ስለዚህ ገድለዋል ስልዎት እሺ አሉኝ።"

"ተከዳሁ ከምትዪ ገደሉብኝ ብትዪ ይሻልሻል ብዬ።"

ይዘንጋሽ አላለቀሰችም። ሐውልቱን አሰበች፤ በየሳምንቱ የሳመችውን ቁጥር፣ ለጋብቻ ተልከው መጥተው እምቢ ብላ የመለሰቻቸውን ሽማግሌዎች፣ ሳትወልድ ያለፈ ሆዷን አሰበች። ንዴቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ ሲመጣ ግን አጥንቷ ድረስ ተሰማት።

"ተዝካሩን እንደደገስኩለት ያውቃል?"

አቶ በኃይሉ ዞር ብለው አውድማውን አዩ።

"የታረደውን በሬ የገዛሁት እሱ በላከው ብር ነው።"

ይዘንጋሽ ሳቀች። ከት ብላ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ አቶ በኃይሉ ደንግጠው ክንዷን ያዙ። ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ተነሳች፤ ጭዱን ከቀሚሷ አራገፈች።

"መሳፍንት ቆርቆሮዋን ይፈልጋታል" አለች። "ከድንጋዩ ነቅለው እንዲሰጡት ለጋሽ ወዳጆ እነግራለሁ። እሱ ደግሞ ነገ አይሱዙው ሲመለስ ጋቢና ያሳፍረኛል። አሰላ ድረስ ያደርሰኛል።"

"አሰላ ሄደሽ ምን ልታደርጊ?"

መራመድ ጀመረች። አቶ በኃይሉ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ፤ ከኋላዋ ጥቂት ተከተሏት።

"እንግዲህ ቢያንስ ጥቁሩን አውልቂው፣ እቱ" አሉ። "የሞተ ሰው የለም። የዘንድሮ ገብስ ደግ ነው፤ አንድ አዲስ ቀሚስ እኔ አሰፋልሻለሁ።"

ይዘንጋሽ ቆመች። ሙሽራ ሆና ከገባችበት ቀን ጀምሮ ይህን ሰው አንቱ ስትል ኖራለች።

"አንተ ደግሞ" አለቻቸው፣ "የጥቁሩ ባለቤት ሳያየው እንዴት አወልቀዋለሁ?"

መንገዱን ይዛ ወደ ከተማ ወረደች። አቶ በኃይሉ ነፋሱ እስኪቆም ድረስ መንሹን አላነሱም።